ጋሼን የእንግዳ ተቀባይነታችን ማስረጃ አታድርጓቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በቅርቡ ስለ ድሮዋ ናዝሬት ባወጣችሁት ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዳማ ላይ መኪና ሲጠግኑ ኖረው ዘንድሮ ስላረፉት ኢራናዊ መካኒክ አንድ አንቀጽ ጣል አድርጋችኋል። ማስታወሳችሁ ደግ ነው፣ እናመሰግናለን። አንቀጹን የዘጋችሁበት ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ኢትዮጵያን ከአገራቸው አስበልጠው የወደዱ፣ የእንግዳ ተቀባይነታችን ሕያው ምስክር ናቸው ትላላችሁ። እኔ ሥራ የለመድኩት እሳቸው እጅ ላይ ነው። ገና ጢም ሳላበቅል ገብቼ ጎልማሳ ሆኜ ነው የወጣሁት። ጋሼ ይህን ቢያነቡ ኖሮ ጋዜጣችሁን ለዘይት መጥረጊያ ነበር የሚያደርጉት። ቅር አይበላችሁ፣ እውነቴን ነው።

ስማቸውን አልጽፍም፣ ቤተሰቡ አይፈልግም። ሰፈሩ "ጋሼ መካኒክ" ይላቸው ነበር፣ ጋራዥ ውስጥ ያለነው ደግሞ ጋሼ ብቻ። እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ጋሼ የአባዳን ልጅ ናቸው። አባዳን በኢራን ደቡብ ምዕራብ፣ ከኢራቅ ድንበር አጠገብ ያለች የነዳጅ ከተማ ናት። ማጣሪያዋን ያቋቋሙት እንግሊዞች ናቸው፣ ሥራ የጀመረውም በፈረንጆቹ 1912 ነው። በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ ነበር። አባታቸው እዚያ ነበር የሚሠሩት፣ እሳቸውም ልጅ ሆነው የገቡት እዚያው ወርክሾፕ ነው። በ1943 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የኢራን ፓርላማ ነዳጁ የመንግሥት ይሁን ብሎ ወሰነ። እንግሊዞቹ አኩርፈው ወጡ፣ የኢራንን ነዳጅ ማንም እንዳይገዛ አደረጉ፣ ማጣሪያው ቀጥ አለ። እነዚያው እንግሊዞች ደግሞ በዛሬዋ የመን ኤደን ላይ ሌላ ማጣሪያ ገንብተው በ1946 ሥራ አስጀመሩ። ጋሼም እንጀራቸውን ተከትለው ኤደን ገቡ። ከኤደን ጅቡቲ ተሻገሩ፣ ከጅቡቲ በባቡር ናዝሬት። ይሄ ሁሉ የሆነው ሥራ ፍለጋ ነው። ኢትዮጵያን በህልሙ አይቶ የመጣ ሰው አይደለም። ጣቢያው ላይ የወረዱትም አንድ የመናዊ ነጋዴ የወፍጮ ሞተሩ ቆሞበት መካኒክ አምጡልኝ ብሎ ስለነበር ነው። ሞተሩን አስነሱት። ከዚያ ሌላ ሞተር መጣ። ከዚያ ሌላ። በቃ እንዲህ ነው የቀሩት።

ሙቀቱን በተመለከተ ግን ለጋሼ አዳማ ደጋ ነበር። ቀትር ላይ እኛ ከመኪና ስር ወጥተን ስናለከልክ ይስቁብናል። አባዳን በጋው ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል።

ስለ ሥራቸው ጽሑፋችሁ "ጎበዝ መካኒክ" ብሎ አልፎታል። እኔ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጊዜው የአሰብ መስመር የሞቀበት ነው። ከአሰብ የሚመጣው ተሳቢ ሁሉ በአዋሽ በኩል ናዝሬት ይገባል፣ ገብቶም ይበላሻል። ፊያት ኤንትሬ ነበር አብዛኛው። ሾፌሩ መጥቶ "ጉልበት የለውም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል" ይላል። ሌላ ጋራዥ ቢሆን ወዲያው ሞተር ይወርድ ነበር። ጋሼ ጋ ግን መፍቻ መንካት ክልክል ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ሁላችንም ዝም እንላለን። እሳቸው ረጅሙን ካቻቪቴ ያነሱና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ቀጥሎ ወደየኖዝሉ፣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ ወደሚረጨው ዕቃ፣ የሚሄደውን የነዳጅ ቱቦ ተራ በተራ ያላሉታል። ደህናውን ኖዝል ስታላላው ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ ድምፁ ይለወጣል። አላልተኸው ምንም ካልተለወጠ ጥፋቱ እዚያ ነው። ያኔ ብቻ መፍቻ ይነሳል። አንድ ኖዝል ወጥቶ በናፍጣ ታጥቦ ተስተካክሎ ይገባል፣ መኪናው ማታውኑ ይወጣል። ሾፌሩ ሦስት ቀን ይቆምብኛል ብሎ አልጋ ይዞ ነበር እኮ።

ይህን ዘዴ ዛሬ አዳማ ውስጥ ስንቱ ጋራዥ ይሠራበታል መሰላችሁ። ያስተማረን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አሁን አሁን ልጆቹ ኮምፒውተር ይሰኩና የታየውን ዕቃ ሁሉ ቀይር ይላሉ፣ ይሄ ሌላ ጊዜ የምመለስበት ብሶት ነው።

የተፈታ ብሎን መሬት ላይ አይቀመጥም። ሸራ ይነጠፋል፣ ብሎኖቹ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፣ ማታ ይቆጠራሉ። የጎደለ ካለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አንድ ቀን በአንዲት ቀለበት ምክንያት በፋኖስ አፈር ስናበጥር አመሸን። ተገኘች ወይ? አልተገኘችም። ቅዳሜ ዋጋዋ ከደመወዛችን ተቆረጠ፣ ከእሳቸውም ጭምር። አዎ፣ ጋሼ ቁጡ ነበሩ። ኪያቬ ሲወረውሩ አይቻለሁ፣ ሰው ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ። ማመስገን አይሆንላቸውም። ጥሩ ከሠራህ ዝም ይሉሃል፣ ዝምታው ነው ሽልማትህ። መልአክ አታድርጓቸው የምለው ለዚህ ነው። የምናውቃቸው ሰው ይጠፋብናል።

ባለቤታቸው የወንጂ ልጅ ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ አሁንም አሉ። አባታቸው የስኳር ፋብሪካው አገዳ ማሳ ላይ ነበር የሚሠሩት። የሚገርመው፣ የሆላንዶቹ ወንጂ ስኳር ፋብሪካም ሥራ የጀመረው በዚያው በ1946 ነው፣ የኤደኑ ማጣሪያ በጀመረበት ዓመት። እትዬ ይህን ሲነገራቸው "ታዲያ እሱን ወደ እኔ ያመጣው እንግሊዝ ነዋ" ብለው ይስቃሉ። ጋራዡን በትክክል ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ገንዘብ መጠየቅ ያፍሩ ነበር። ሾፌሩ "ስመለስ እሰጥሃለሁ" ካለ አለቀ። እትዬ ግን የዱቤ ደብተር ነበራቸው። ሰሌዳ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ የቀረው ብር፣ ሁሉም ተጽፏል። ተሳቢው በከተማው ሲያልፍ ካዩት ነጠላቸውን መስቀል አድርገው መሀል መንገድ ይቆማሉ። የአሰብ ሾፌር ሁሉ ከትራፊክ ፖሊስ ይልቅ እትዬን ነበር የሚፈራው።

ሻይ ላይ ግን ባልና ሚስት ተስማምተው አያውቁም። ጋሼ ስኳር ብርጭቆ ውስጥ አይጨምሩም። ጠጣር ስኳር በጥርሳቸው ይዘው ሻዩን በላዩ ላይ ይጠጡታል፣ የአገራቸው ወግ ነው። ጠጣር ስኳር ደግሞ ከየት ይምጣ? እትዬ የወንጂን ስኳር በጥቂት ውሃ አርጥበው፣ ትሪ ላይ ጠፍጥፈው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው በቢላ ይቆርጡታል። እየሠሩም ያጉረመርማሉ። "ደህናውን ስኳር ድንጋይ አድርጌ፣ እሱ ደግሞ በጥርሱ ሊሰብረው!" ሩዙም እንደዚያው ነው። ድስቱ ስር የሚይዘውን ቅርፊት እኛ አገር የባለሙያ ጉድለት እንለዋለን፣ እነሱ ቤት ግን ሆን ተብሎ በዘይት ተጠብሶ ለክብር እንግዳ ይቀርባል። በኋላ እኛ ተለማማጆቹ ነን የምንጣላበት።

መጋቢት 11 ወይም 12 ላይ የፋርሶች አዲስ ዓመት ይገባል፣ ኖሩዝ። ጋሼ ከዚያ በፊት ስንዴ ሳህን ላይ ያበቅሉና የጋራዡ መስኮት ላይ ያስቀምጡታል። "ጋሼ ለጋሪ ፈረስ ሳር ዘሩ" ብለን እንስቃለን። በዓሉ ቀን ለእያንዳንዳችን አዲስ፣ ያልታጠፈ ብር ይሰጡናል። ከባንክ አስለውጠው ቁርዓን ውስጥ ያሳደሩት ብር ነው። አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ቤት መዋል ነውር ነው ብለው ጋራዡን ይዘጋሉ። ሁላችንንም መኪና ላይ ጭነው ሶደሬ ይወስዱናል። ያ የበቀለው ስንዴ አዋሽ ውስጥ ይጣላል። ጊዜው አብዛኛውን ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል እትዬ ለእኛ ለጾመኞቹ ለብቻው ድስት ይዘው ይመጣሉ፣ ሩዙም በዘይት ብቻ፣ ሽሮውም አለ። ዓመቱን ሙሉ ጋራዥ ይዘጋ ካለ ሰው ጋር የሚጣሉት ጋሼ ያን ቀን ከሕፃናት ጋር ውሃ ሲራጩ ነበር የሚውሉት።

አሁን ወደ እንግዳ ተቀባይነታችን ልምጣ።

ጋራዡ ውስጥ ከጋዜጣ ተቆርጦ በመስታወት የታሰረ ፎቶ ነበር። በ1964 ጥቅምት ላይ ሻሁ ፐርሰፖሊስ ላይ የፋርስ መንግሥት 2500ኛ ዓመት ብለው የዓለም መሪዎችን ሲጋብዙ ጃንሆይም ሄደው ነበር፣ ሁለቱ ነገሥታት አብረው የተነሱት ነው። 1967 ሲመጣ እትዬ ፎቶውን አውርደው ዱቄት ስር ደበቁት። አምስት ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም ከዙፋን ወርደው ነበር። ጋሼ "አንድ መስታወት ሁለት ንጉሥ ገደለ" ይሉ ነበር፣ እየሳቁ አይደለም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 47። ጋሼ ለልጆቼ ይሆናል ብለው በሥራቸው ላብ የሠሯቸው ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ትርፍ ተባሉ። ይሄ በአገሬውም ላይ የደረሰ ነው፣ ለብቻቸው የመጣ አይደለም። ለብቻቸው የመጣው በ1969 ነው። ሶማሊያ ስትወርረን የኢራኑ ሻህ ለሲያድ ባሬ ወገኑ። ቀበሌ ጋሼን ጠራቸው። ስንት ዓመት አብሯቸው የኖረ ሰው "የሻህ ሰላይ ነው" አለ። ሁለት ሌሊት አሳደሯቸው። የተፈቱት ደግሞ በፍትሕ አይደለም። የቀበሌው ፒክአፕ ሞተር ወርዶ፣ ተበትኖ፣ እኛ ሸራ ላይ ተደርድሮ ነበር። እትዬ ሄደው "እሺ እሰሩት፣ መኪናችሁን በከረጢት ላምጣላችሁ?" አሏቸው። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ጋራዥ ነበሩ። ሞተሩን አሰሩ፣ ደረሰኝ ጻፉ፣ ሙሉ ዋጋ አስከፈሉ። ስለዚያ ሁለት ሌሊት አንድ ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰላይ ያላቸው ሰውዬ መኪና ሲበላሽም ሠርተውለታል፣ በእርግጥ እሱ ላይ ዱቤ ቀርቷል።

አገራቸውን ረስተው ነበር? ማታ ማታ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ የቢቢሲ ፋርስኛ። በዚያ ሰዓት መዶሻ ማንሳት የለም። በ1970 ነሐሴ ላይ አባዳን ውስጥ ሬክስ የሚባል ሲኒማ ቤት በር ተዘግቶበት ተቃጠለና በመቶ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ጋሼ በዚያ ሬዲዮ ነው የሰሙት። የዘመድ ስም ይጠራ ይሆን ብለው ሌሊቱን ሙሉ ጣቢያ ሲቀያይሩ አደሩ። ሬዲዮ ደግሞ የሞተ ሰው ስም አይጠራም። በስድስት ወር ውስጥ ሻሁ ተገርስሰው አብዮቱ ገባ፣ የጋሼ ፓስፖርት የወደቀ መንግሥት ማኅተም ይዞ ቀረ። መስከረም 12 ቀን 1973 ኢራቅ ወረረች። አባዳን አንድ ዓመት ገደማ ተከበበች፣ ማጣሪያው ነደደ። የእናታቸው መርዶ የደረሰው ኩዌት ካለ ዘመድ በተጻፈ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው እስኪደርስ ሴትዮዋ ከሞቱ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እድሩ ድንኳን ጣለ። የዓመት መርዶ ነው፣ ለቅሶው ይቀንስ ያለ ሰው አልነበረም። ቡና ፈላ፣ ሰው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ይሄን ስታመሰግኑ አብሬ አመሰግናለሁ።

ግን በዚያ ጊዜ "ለምን አልሄዱም?" ብትሏቸው መንገድ ስላልነበረ ነው። ጦርነቱ ስምንት ዓመት ፈጀ። ሲያልቅ ወረቀት ለማደስ ሌላ ብዙ ዓመት። በመጨረሻ ሄዱ፣ በ80ዎቹ ውስጥ። የተወለዱበት ሰፈር ፈርሶ በአዲስ ተሠርቶ ነበር፣ ቤታቸውን ራሳቸው ሊያገኙት አልቻሉም። ማጣሪያው ግን ከጦርነቱ በኋላ ዳግም ሥራ ጀምሮ ጭሱን አይተውታል። ተመልሰው የነገሩን ስለ ማጣሪያው ብቻ ነው፣ የትኛው ክፍል እንደተለወጠ፣ የትኛው ቫልቭ ድሮ ከነበረበት እንደተነሳ። አንድ ሳሞቫርና ብዙ ፒስታሽዮ ይዘው መጡ። ፒስታሽዮውን እትዬ በደብተራቸው ለሁሉም እኩል አከፋፈሉት፣ ዱቤ ላለበት ግን ቀነሱ።

ዜግነት ደግሞ አልወሰዱም። ይሄን ጽሑፋችሁ አያነሳውም። አዋጅ 378/1996 አራት ዓመት የኖረ፣ ከአገሪቱ ቋንቋ አንዱን የሚናገር፣ መተዳደሪያ ያለው የውጭ ሰው ማመልከት ይችላል ይላል። ጋሼ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ይችሉ ነበር፣ ሲናደዱ ሁለቱንም ይቀላቅሉታል። ችግሩ የነበረህን ዜግነት ተው የሚለው ላይ ነው። "እናቱን ክዶ የሚስቱን እናት እማዬ የሚል ሰው አማቱም አታምነውም" ይሉ ነበር። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በመኖሪያ ፈቃድ ኖሩ። በየጊዜው አዲስ አበባ ወጥተው ሰልፍ ይይዛሉ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ፣ እሳቸው መኪና ሲጠግኑ ያልተወለደ ልጅ፣ "መቼ ነው የሚመለሱት?" ብሎ ይጠይቃቸዋል። ቅጹ ላይ ያለ ጥያቄ ነው አሉ። እንግዳ ተቀባይነት የምንለው ነገር ከ60 ዓመት በኋላም ሰውዬውን እንግዳ እያለ የሚጠራ ከሆነ እስቲ ቆም ብለን እናስብበት።

ሰፈሩ ግን እንደ እንግዳ አላያቸውም፣ ይሄ ሐቅ ነው። የእድሩን ድንኳን ብረት የሠሩት ጋሼ ናቸው። ድሮ እንጨት ነበር፣ በነፋስ ይወድቃል፤ አዳማ ደግሞ ነፋሷን ታውቋታላችሁ። ጋሼ ከተቆራረጠ የውሃ ቱቦ እርስ በርሱ የሚገባ ምሰሶ ሠሩ። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር በመዶሻ መቱበት፣ ማንም ሰው በጨለማም ቢሆን በእጁ ዳስሶ እንዲገጥመው። ጡሩምባ ሲነፋ ልጆች ተሸክመውት ሮጠው በሻይ ማፍያ ጊዜ ይተክሉታል። ጋሼ እስከ መጨረሻው የእድሩ ንብረት ተቆጣጣሪ ነበሩ፣ በብሎን ጊዜው ጠባያቸው።

ጁምዓን ከሌላው ሙስሊም ጋር ይሰግዳሉ። እቤት ሲሰግዱ ግን ግንባራቸው የሚያርፍባት ከሺዓዎች ቅድስት ከተማ ከካርባላ አፈር የተሠራች የደረቀች ሸክላ ነበረቻቸው፣ መዳፍ የማትሞላ። ሺዓ ናቸው። ስለዚህ ነገር አዳማ ላይ የተናገራቸውም የጠየቃቸውም ሰው አላውቅም። ያረፉ ዕለት እንደ ሙስሊም ወግ ቀብሩ ያው ቀን ሆነ። ክርስቲያኑ ሁሉ "ነገ ነው" ብሎ ሲጠብቅ እየተጠራራ ሮጦ ደረሰ። ድንኳኑ የተተከለው ራሳቸው በሠሩት ብረት ነው። ካናዳ ያለው የመጨረሻ ልጃቸው በስልክ ነበር ቀብሩን የተከታተለው። ከአሰብ ሾፌሮች በሕይወት ያሉት መጥተዋል። አንዱ በምርኩዝ እየሄደ ለእትዬ የድሮ ዕዳ አምጥቷል። እትዬ ደብተሩን አስመጥተው አረጋገጡ። ልክ ነበር።

ንግግር ያደረጉት ሰው ግን እናንተ የጻፋችሁትን ነው የተናገሩት። አገራቸውን ትተው እኛን መረጡ አሉ። ማንንም አልተዉም። ሁለቱንም ቦታ ተሸክመው ነው የኖሩት፣ ከብዷቸውም ያውቃል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው እትም አንዲት ማስተካከያ አውጡልን። የአባዳን ሰው፣ የአዳማ መካኒክ በሉና ተዉት። ናዝሬት ውስጥ የኖሩትን ሌሎቹንም፣ አርመኑን፣ ግሪኩን፣ የመናዊውን፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ሳያልፉ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኛ የጋራዡ ልጆች አብዛኞቻችን አዳማ ነን፣ ፍራንኮ አካባቢ መካኒኮችን ብትጠይቁ ታገኙናላችሁ። የድሮ ፎቶ ያላችሁ አንባቢዎችም አምጡልን፣ በስልክ አንስተን ዋናውን እንመልሳለን። ልጆቹ እያሰባሰቡ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ ባለፈው ጥር ለሠርግ ድንኳን የተዋሳችሁ ሰዎች 14 ቁጥር ምሰሶ አልተመለሰም። ሰበብ አንፈልግም፣ ብረቱን መልሱ። እትዬ ደብተራቸው ላይ አለ።

ከጋሼ ተለማማጆች አንዱ፣
አዳማ